ሞተር ያላት የሸራ ጀልባ ከወደብ ከመውጣቷ በፊት

የሸራ ጀልባ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሸራውን እንደ ጌታ፥ ሞተሩን እንደ ሎሌ ይቈጥራል። ሸራው ሲቀደድ ቶሎ ይሰፋዋል፤ ገመዱ ሲላላ ያጠብቀዋል፤ ሞተሩን ግን ከወለሉ በታች ዘግቶ ይረሳዋል። ነገር ግን ይህ የተረሳ ሎሌ የሚጠራው ነፋስ ሲጠፋ፥ ማዕበል ወደ ድንጋይ ሲገፋ፥ ወይም በጠባብ የወደብ በር ሲገባ ነው። ስለዚህ የሞተር ብልሽት በክፉ ሰዓት የሚያገኘን በዕድል አይደለም፤ ሞተሩን የምናስታውሰው በክፉ ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ ነው።

ጆሹዋ ስሎከም የተባለው ባሕረኛ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1895 እስከ 1898 ዓ.ም. «ስፕሬይ» በምትባል ጀልባ ብቻውን ዓለምን ሲዞር ሞተር አልነበረውም። ሞተር ስላልነበረውም በሞተር አልተመካም። እንግዲህ አደጋው ሞተር ማጣት ሳይሆን፥ ያልመረመሩትን ሞተር መታመን ነው።

ለምሳሌ በኤርትራ ጠረፍ ከምጽዋ ወደ ዳህላክ ደሴቶች የምትሄድ ጀልባ እናስብ። በዚያ ባሕር ከውሃው በታች የተሰወረ፥ ኮራል የሚባለው ድንጋይ ብዙ ነው። በቀይ ባሕር ከሰኔ እስከ መስከረም ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ በሌሎቹ ወራት ግን በደቡቡ ክፍል ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራም ይደክማል። ሸራው ባዶውን ተንጠልጥሎ ሳለ የውሃው ጕዞ ጀልባዪቱን ወደ ድንጋዩ ቢወስዳት፥ በውስጧ ላለው ቤተ ሰብ የመጀመሪያው ተስፋ ሞተሩ ነው።

የሞተር ፊተኛው ጠላት የቈሸሸ ናፍታ ነው። ጀልባዪቱ ቆማ ሳለች ውሃና ዝቃጭ ከማጠራቀሚያው ሥር ተኝቶ ይቀመጣል፤ ማዕበል ሲያናውጣት ግን ተበጥብጦ ፊልትሮውን ይደፍናል፤ ሞተሩም ይጠፋል። ስለዚህ ከመውጣት በፊት በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፥ ትርፍ ፊልትሮም መያዝ ይገባል። ፊልትሮ ሲለወጥ የሚገባውን አየር ማስወጣትንም በወደብ ሳሉ መለማመድ መልካም ነው። ናፍታውም ከሦስት አንዱ እጅ ለመሄጃ፥ አንዱ ለመመለሻ፥ አንዱ ለክፉ ቀን ይሁን።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። ብዙዎቹ የጀልባ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት የባሕር ውሃ በመሳብ ነው። የውሃው መግቢያ ሳይከፈት ቢቀር፥ ወይም ሣርና ፕላስቲክ ቢደፍነው፥ በፓምፑ ውስጥ ያለው የላስቲክ መዘውር በደረቁ እየዞረ ይቈራረጣል። ስለዚህ ሞተሩ እንደ ተነሣ ወዲያው ከጢሱ ጋራ ውሃ መውጣቱን ማየት ነው። ውሃ ካልወጣ ማጥፋት እንጂ «ጥቂት እንጠብቅ» ማለት አይገባም።

ሞተሩ አልነሣ ሲልም ቁልፉን ደጋግሞ ማዞር ሌላ መዘዝ ያመጣል። ሞተሩ ሳይነሣ በዞረ ቍጥር ፓምፑ ውሃ መግፋቱን አይተውም፤ ውሃውን የሚያስወጣው ጢስ ግን የለም። ውሃው ማርሚታውን ሞልቶ ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል፤ ሞተሩንም ሊሰብረው ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የውሃውን መግቢያ ዘግቶ መሞከር፥ ሞተሩ እንደ ተነሣም ሳይዘገዩ መክፈት ነው።

ሦስተኛው ጠላት ገመድ ነው። ወደ ውሃ የተንጠለጠለ ገመድ ፕሮፔለሩን ጠምጥሞ በአንድ አፍታ ያቆመዋል። ስለዚህ ማርሽ ከማስገባት በፊት የጀልባዪቱን ዙሪያ መመልከት ነው። ገመድ ቢጠመጠም ሞተሩ ሳይጠፋ ማንም ወደ ውሃ አይግባ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሞተር ሊጠፋ ይችላል። እንግዲህ ወደ ወደብ ስንቀርብ ሸራውን ፈጥነን ጠቅልለን አንሰር፤ መልሕቁም ለመጣል ተዘጋጅቶ ይቈይ። የባሕሩ ጥልቀት ሲፈቅድ መልሕቅ ጀልባዪቱን አቁሞ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ይህንም አባት ብቻውን ማወቁ አይበቃም፤ እናትም፥ ከፍ ከፍ ያሉት ልጆችም ሞተር ማጥፋትንና መልሕቅ መጣልን ይማሩ። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፥ እርሱ ራሱ ከባሕር ቢወድቅ ማን ይመልሰዋል?

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ቢሆንም ለባሕርም ያገለግላል። ከዚህ ምርመራ አንዱ ቢጐድል፥ ያን ቀን ጀልባዪቱ ከወደብ ባትወጣ ይሻላል፤ ባሕሩ እንደ ሆነ ነገም በስፍራው ነው።