ሕመምህን ልውሰደው

አርመኖች «ጻቭድ ታኔም» ይላሉ፤ ሕመምህን ልውሰደው። ለታመመ ሰው ብቻ የሚባል እንዳይመስላችሁ። አያት የልጅ ልጇን ፀጉር እየዳበሰች ትለዋለች፤ የየሬቫን ባለሱቅም ለማያውቀው ደንበኛ ይለዋል። ሕመሙን ሊወስድለት የቆረጠው ያው ሰው ዋጋ ቀንስ ሲባል ግን አንዲት ድራም አይቀንስም!

ስለዚህ አባባል ሲወራ ነገሩ ቶሎ ብሎ ኦቶማን ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1915 በአርመኖች ላይ ወደ ጀመረችው የዘር ፍጅት ይሄዳል። ያን ሁሉ መከራ ያየ ሕዝብ ፍቅሩንም በሕመም ቢናገር ምን ይገርማል ይባላል። ለጆሮ ይጥማል፤ እኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ጎረቤቶቻቸው ጆርጂያውያን የሚወዱትን ሰው «ገናጽቫሌ» ይሉታል፤ በአንተ ፈንታ እኔ ልሁን እንደማለት ነው። ፋርሶችም «ሕመምህ በእኔ ነፍስ» ይላሉ። አርመኖች በየስሙ ላይ የሚቀጥሏት «ጃን» እንኳ ከፋርስ የመጣች ናት፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አዝማሪያቸው ሳያት ኖቫ ሲዘፍንባት ፍጅቱ ገና አልታሰበም።

እኛስ ብንሆን? ልጅ ሲደናቀፍ ከእናት አፍ የምታመልጠው «እኔን!» ምንድን ናት? ጉርሻ ጠቅልሎ «በሞቴ!» የሚለው፣ እምቢ ሲሉት «አፈር ስሆን!» የሚለው ጋባዥ በአንድ ምሳ ስንቴ ይሞታል? ይህን የአድዋ ወይም የማይጨው ጠባሳ ነው ያለን ሰው የለም።

«ማታግ ልሁንልህ» የሚሉትም አለ። ማታግ የስለት እርድ ነው። በጉ ወይም ዶሮው በተባረከ ጨው ተቀቅሎ ለጎረቤትና ለድሃ ይታደላል፤ ዝክር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ልጅ ለተወለደለት ወይም የራቀ ዘመዱ ለተመለሰለት ደግሞ «አችክድ ሉይስ» ይሉታል፤ ለዓይንህ ብርሃን። የእኛዎቹ አራሷን «እንኳን ዓይንሽን በዓይንሽ አየሽ» ይሏት የለ?

ሁሉም ግን እንዲህ የከበደ አይደለም። በወሬ ያደከማቸውን ሰው «ጭንቅላቴን አትተኩሰው» ይሉታል፤ በካውያ መሆኑ ነው። «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃላቸው «ሽኖርሃካሉትዩን» ስለሆነ ደግሞ የየሬቫን ሰው «መርሲ» ብሎ ይገላገላል። አልፈርድበትም።

1915ን የምፈልገው ከሆነ ሌላ ቦታ አገኘዋለሁ። ምዕራባውያኑ አርመኖች «ታኔም» አይሉም፤ «ጻቭት ዳኒም» ነው የሚሉት። ይህ አነጋገር ከፍጅቱ በፊት በኦቶማን ግዛት፣ በኻርበርድና በመሳሰሉት ከተሞች ይሰማ ነበር። ዛሬ የሚሰማው በቤይሩትና በሎስ አንጀለስ ነው፤ ዩኔስኮም ምዕራባዊውን አርመንኛ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ቋንቋዎች መድቦታል። ወደ አዲስ አበባ የመጣውም ይኸው ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» ከፍጅቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የዚያው የኦቶማን ግዛት፣ የአይንታብ ሰው ነው። የአገራችንን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው።