ሰዓቱን ለሰዓት ሠሪ፣ ሩጫውን ለምሩፅ!

የአዳማ ልጅ ሥራ ከፈታ ክርክር ጀመረ ማለት ነው፡፡ ፖስታ ቤት አካባቢ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠውም፣ ፍራንኮ ባጃጁን አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀውም ያው ነው፡፡ መሐመድ አሊ ታይሰንን ይጥለው ነበር ወይስ አይጥለውም? ታይሰን በጉብዝናው ዘመን የዛሬውን ኡሲክ ቢያገኘው ስንት ዙር ይቆማል? እኛም ከእንዲህ ዓይነቱ ክርክር የምንቀር ሰዎች አይደለንም፡፡

ግን እስቲ ቦክሱን ለባለቤቶቹ እንተወውና ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፡፡ የዚህ አገር ከባድ ሚዛን ሩጫ ነው፡፡ አዳማ ደግሞ የሩጫው በር ላይ ነው የተቀመጠችው፡፡ ከኛ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ መጀመሪያ አሰላ፣ የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር ያደርሳል፤ ትንሽ ሲቀጥሉበት በቆጂ ነው፤ የደራርቱ፣ የቀነኒሳ፣ የጥሩነሽ አገር፡፡ ስለዚህ ጥያቄያችን ይሄ ነው፦ የድሮዎቹ ጀግኖች ከዛሬዎቹ ጋር አንድ መስመር ላይ ቢቆሙ ማን ያሸንፋል? (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ እንዳትደናገሩ፡፡)

«ሰዓት አይዋሽም» የሚሉ ጓደኞች አሉን፡፡ ባዶ እጃቸውንም አይመጡም፡፡ አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲጨርስ ከዚያ በፊት በዓለም ላይ እንደሱ የፈጠነ አልነበረም፡፡ ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች፡፡ በነሱ ሒሳብ እንግዲህ ትዕግስት አበበን በ18 ሰከንድ ቀደመችው ማለት ነው፡፡ በዚያው ዓመት ቺካጎ ላይ በ2 ሰዓት ከ35 ሰከንድ የገባው ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተም (ነፍሱን ይማረውና) አበበን ለመጠበቅ ከ11 ደቂቃ በላይ መቆም ነበረበት፡፡ አለቀ፣ ደቀቀ ይሉናል፡፡

እኛ ግን አላለቀም እንላለን፡፡ ሰዓት አይዋሽም፤ የሚለካው ግን ሰውየውን ብቻ አይደለም፡፡ ጫማውንም ይለካል፡፡ አበበ በ1960 ሮም ላይ የሮጠው በባዶ እግሩ ነው፤ በማታ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት የድንጋይ መንገድ፡፡ ከ2017 ወዲህ ገበያውን የያዘው ባለ ካርቦን ጫማ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፡፡ አምራቹ ራሱ ገንዘቡን ችሎ ባሠራው ጥናት ጫማው የሯጩን ጉልበት በአማካይ በ4 በመቶ ይቆጥባል ተብሏል፡፡ የዓለም አትሌቲክስም በ2020 «የጎዳና ጫማ ሶሉ ከ40 ሚሊ ሜትር አይለፍ» ብሎ ልጓም እስከማበጀት ደርሷል፡፡ መም ላይ ደግሞ የሚያሯሩጥ መብራት መጣ፤ ሯጩ ማሰብ ሳያስፈልገው ብርሃኑን ብቻ እየተከተለ ክብረ ወሰን ይሰብራል፡፡

ይሄ ሁሉ ተጨምሮ ምን ተገኘ? ቀነኒሳ በ2005 ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጠ፡፡ ኡጋንዳዊው ጆሽዋ ቼፕቴጌ በ2020 ከነአዲሱ ስፓይክ፣ ከነመብራቱ በ26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሰበረው፡፡ 15 ዓመት ተጠብቆ፣ በ25 ዙር ውስጥ የተገኘው ትርፍ 6 ሰከንድ ተኩል ነው! በ2024 ደግሞ የኛዎቹ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ስፔን ላይ ሲሮጡ ዮሚፍ ቀጄልቻ በ26 ደቂቃ ከ31.01 ሰከንድ አንደኛ ወጣ፡፡ ድንቅ ሰዓት ነው፤ ኃይሌ ግን በ1998 ሄንግሎ ላይ 26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ሮጦ ነበር፡፡ በዚያን ጊዜ ጫማ፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፡፡ የኦሊምፒክ ፍጻሜ አሯሯጭ የለውም፤ መብራት የለውም፡፡ ሰው ከሰው ጋር ብቻ ነው፡፡ ክርክሩ መዳኘት ያለበት እዚያ ነው፡፡ ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ እንኳ በውል ያልታወቀው የአየር ኃይሉ ሰው፣ በ1980 ሞስኮ ላይ 10 ሺውን በ27 ደቂቃ ከ42.69 ሰከንድ አሸነፈ፡፡ ሰለሞን ባረጋ በ2021 ቶኪዮ ላይ ወርቁን ሲወስድ ሰዓቱ 27 ደቂቃ ከ43.22 ሰከንድ ነበር፡፡ ደግማችሁ አንብቡት፡፡ በ41 ዓመት ልዩነት ምሩፅ በግማሽ ሰከንድ ይቀድማል!

በሴቶቹም ያው ነው፡፡ የበቆጂዋ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ቤይጂንግ ላይ 10 ሺውን በ29 ደቂቃ ከ54.66 ሰከንድ ወሰደች፡፡ አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በ2021 ያንኑ ወርቅ በ29 ደቂቃ ከ55.32 ሰከንድ ወሰደች፡፡ ደራርቱ ቱሉ በ2000 ሲድኒ ላይ ያሸነፈችበት 30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ ደግሞ በ2024 ፓሪስ ላይ ቢያትሪስ ቼቤት ካሸነፈችበት 30 ደቂቃ ከ43.25 ሰከንድ ይፈጥናል፡፡

«እነዚህ ሩጫዎች በታክቲክ የቀዘቀዙ ናቸው፤ ቼቤት በዚያው ዓመት ከ29 ደቂቃ በታች ሮጣ የለም ወይ? ሞስኮንስ እነኬንያ አድመው ቀርተውበት አልነበረም ወይ?» ትሉ ይሆናል፡፡ ልክ ናችሁ፡፡ ምሩፅ ዛሬ ፓሪስ ላይ ቢሰለፍ በዚያው በ1980 እግሩ ያሸንፋል አንልም፡፡ በ2024ቱ የፓሪስ ፍጻሜ 13 ሰዎች ቀነኒሳ በ2008 ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በታች ገብተዋል፤ እንዲህ ያለ ጎርፍ ድሮ አልነበረም፡፡ እኛ የምንለው ሌላ ነው፡፡ ወርቅ የሚሰጠው ለሰዓት አይደለም፤ ደወል ከተደወለ በኋላ ለሚሆነው ነገር ነው፡፡ ያንን ደግሞ የድሮዎቹ በደንብ ያውቁበት ነበር፡፡ አበበ ሮም ላይ ሞሮኳዊውን ራዲን ትቶት የሄደው መጨረሻው ላይ፣ ያኔ እዚያ ቆሞ ከነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ነው፡፡ ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፡፡

ፓሪስ ላይ የኛ ልጆች ምን አደረጉ? 10 ሺውን እየተቀባበሉ አፈጠኑት፤ ሰዓቱን አሳመሩት፡፡ ከዚያ የመጨረሻው ዙር መጣና ወርቁን ቼፕቴጌ ወሰደው፡፡ በሪሁ አረጋዊ በ30 መቶኛ ሰከንድ ብር ሆነ፡፡ በሴቶች ማራቶንም የበርሊኗ ትዕግስት፣ በሰዓት ከሲፋን የምትሻለው ትዕግስት፣ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ በ3 ሰከንድ ተቀደመች፡፡ የክርን ነገር ተነስቶ አቤቱታ ቀርቦ ነበር፤ ውድቅ ሆነ፡፡ ሲፋን ግን በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሁለት ነሐስ ወስዳ ደክሟት ነው የመጣችው፡፡ ሰዓት ወርቅ ቢያመጣ ኖሮ ያ ወርቅ አዲስ አበባ ይገባ ነበር፡፡

የድሮው ከአዲሱ ጋር ሲገጥም ማየት የፈለገ ደግሞ ማለም አያስፈልገውም፡፡ ቀነኒሳ በ2024 ለንደን ማራቶን ላይ በ41 ዓመቱ፣ ልጆቹ ሊሆኑ ምንም ያልቀራቸውን ወጣቶች አስከትሎ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጥቷል፡፡ የዛሬውን ጫማ ለድሮ ሰው ስታለብሱት የሚሆነው ይሄ ነው፡፡

እስቲ ደግሞ ጥያቄውን ገልብጡት፡፡ የዛሬዎቹ በድሮው ዘመን ቢሮጡስ? ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር አገር «አንሄድም» ትላለች፡፡ ምሩፅ በ1976 ሞንትሪያል ድረስ ሄዶ ሳይሮጥ ተመልሷል፡፡ በላይነህ ዲንሳሞ በ1988 ሮተርዳም ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የዓለምን ማራቶን ክብረ ወሰን ሰብሮ ለአሥር ዓመት ያህል ሲይዘው፣ በዚያው ዓመት የሴኡል ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ስላልተገኘች ቤቱ ቀርቷል፡፡ ዛሬ አንዱ ማራቶን ካልተሳካ በስድስት ወሩ ሌላ አለ፡፡ ያኔ አንድ ቀን ያመለጠችህ ማለት አራት ዓመት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ነበር፡፡

ይሄን ሁሉ የምናነሳው ካፌ ውስጥ ለማሸነፍ ብቻ አይደለም፡፡ ከበቆጂና ከአሰላ ኮረብታ ወርደው በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያልፉ ልጆች አሉ፤ መናኸሪያ ውስጥ በቱታቸው ታውቋቸዋላችሁ፡፡ ውድድር ሊያስገባቸው የሚችለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃቸው «ሰዓትህ ስንት ነው?» ብሎ ነው፡፡ ባለ ካርቦን ጫማ የገዛችው ልጅና ተረከዙ ያለቀ ጫማ ያደረገችው ልጅ በአንድ ሰዓት ሲለኩ፣ የሚመዘነው እግራቸው ነው ወይስ የቤተሰባቸው ኪስ? ከፍታው፣ ዳገቱ፣ ሳንባው እኩል ሆኖ በጫማ የተጣለ ልጅ ቢኖር ማን ያውቅለታል?

ስለዚህ የኛ ሐሳብ ቀላል ነው፡፡ ማጣሪያ ላይ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ጫማ አድርጎ ይሩጥ፤ ጫማ የሌለው ክለቡ ወይም ፌዴሬሽኑ ያውሰው፡፡ አሯሯጭ የሌለበት፣ ተንኮልና ትዕግስት የሚጠይቅ ውድድር በየከተማው ይብዛ፤ አዳማም ላይ ይሁን፣ ሙቀቱ ራሱ ቶኪዮን ያስተምራል፡፡ የምሩፅና የደራርቱ የመጨረሻ ዙሮችም ለሠልጣኞች በስክሪን ይታዩ፤ ለትዝታ ሳይሆን ለትምህርት፡፡

ከዚያ በኋላ አዲስ ልጅ ሲመጣ «ሰዓትህ ስንት ነው?» የሚለውን ትተን እንዲህ ብለን እንጠይቀው፦ ደወሉ ሲደወል ስንተኛ ነበርክ፣ ከዚያስ ምን አደረግክ?