ቆቦ ደርግን ልትናፍቅ ይገባታል?

ደርግ ግንቦት 1983 ከወደቀ ወዲህ በራያ ቆላ «በመንግሥቱ ጊዜ ቢሆን ኖሮ» የሚል ንግግር አልጠፋም። ሁለት የቆቦ ሰዎች ይሟገታሉ።

አይገባም፦ ቁጥሩ ይመስክር

መስከረም 1977 ደርግ አሥረኛ ዓመቱን አዲስ አበባ ላይ በሰልፍና በድግስ ሲያከብር፣ ከቆቦ ሽቅብ ኮረም ላይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። በመላ አገሪቱ የሞቱት ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታሉ። ወደ 600,000 ሰው በሰፈራ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጫነ፤ አብዛኛው የወሎ ሰው ነው። ድርቁን ያመጣው የዝናብ እጦት ነው፤ ድርቁን እልቂት ያደረገው ግን ደርግ ከአማፂዎች ጋር ያካሂደው የነበረው ጦርነትና የመንግሥት ዝምታ ነው። ፍርድ ቤትም ታኅሣሥ 1999 የደርጉን መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። በ2013ና በ2014 በሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ያየችው መከራ የቀድሞውን አይሰርዝም።

ይገባታል፦ በአባቴ ላይ አትፍረዱ

አባቴ የሰው መሬት በእኩል ያርስ ነበር። ማሽላው ሲወቃ ባለመሬቱ አውድማው ላይ ቆሞ ድርሻውን ያስሰፍር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬቱን ለአራሹ ያደረገው አዋጅ ወጣ፤ አባቴ እህሉን ሙሉውን ወደ ጎተራው አስገባ። ባለርስቱ ፊት አንገቱን ይደፋ የነበረ ሰው በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ተናገረ። ከ1971 ጀምሮ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እናቴ ስሟን መጻፍ ቻለች።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ይህን ሁሉ ትተው ሬሳ ይቆጥራሉ። አባቴ ወንድሙ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ እንደቀረ አልረሳም፤ ሲያነሣው ያለቅሳል፤ መንግሥቱንም ይረግማል። መሬት ያገኘበትን ዘመን ግን «በጎ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነቱ ነው። እንዲህ የሚሉትን አዛውንት አላዋቂ አድርጎ ማየት ነውር ነው።

መልስ፦ የመጀመሪያው ጸሐፊ

«ሬሳ ይቆጥራሉ» መባሌ አሳዝኖኛል። ያልተቆጠረ ሟች ይረሳል፤ የተረሳ ግፍ ደግሞ ይደገማል። አዛውንትን አላዋቂ አላልኩም። መሬቱን የሰጠው መንግሥት እህሉን በኮታ፣ ራሱ በቆረጠው ዋጋ ወስዷል። ጎተራው የአራሹ ብቻ አልነበረም።

መልስ፦ ሁለተኛዋ ጸሐፊ

ኮታውን አባቴ ራሱ ተሸክሞ አስረክቧል፤ ሊነግሩት አያስፈልግም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ሰው ዘመኑን ሙሉውን እንዲናገር ይፈቀድለት። ግፉን ብቻ እንዲያወሳ የታዘዘ አዛውንት ነጻነት መጣለት አይባልም።