ድብን የሚያስፈራ ቦምብ የለም



በየመኝታ ቤቱና በየሻይ ቤቱ አንድ አነጋገር እየተለመደ መጥቷል። «የአቶሚክ ቦምብ ባይኖር ኖሮ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ነበር፤ ስለዚህ ቦምቡ የሰላም ዘበኛ ነው» ይባላል። ይህን የሚሉ ወገኖቻችን የሚጠቅሱት ኬኔት ዋልትዝ የተባለውን አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ነው። ዋልትዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ የኑክሌር መሣሪያ ቀስ በቀስ ወደ ብዙ አገሮች ቢዳረስ ሊሻል ይችላል እስከ ማለት ደርሷል። አጸፋው ጥፋት መሆኑን የሚያውቅ መሪ ሁሉ ይጠነቀቃል ባይ ነው።

ክርክሩን አናቃልለውም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ሲረጩ፣ ኢጣልያ ራሷ የፈረመችበት የጄኔቭ ፕሮቶኮል አላዳነንም። «አባቶቻችን አጸፋውን የሚመልሱበት መርዝ ቢኖራቸው ኖሮ ሙሶሊኒ ይደፍር ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ሞኝነት አይደለም።

መልሳችን ግን ይህ ነው። ዋልትዝ መንግሥትን እንደ አንድ አስተዋይ ሰው ይቆጥረዋል። ቦምቡን የሚጠብቁት ግን እንቅልፍ ያጣ መኮንን፣ የደነገጠ ዘበኛና የተሳሳተ የኤሌክትሪክ ሽቦ ናቸው። ይህን ያሳየን ሌላው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ፣ ስኮት ሳጋን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

በኩባ ቀውስ ጊዜ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1962 ሌሊት፣ በሚኒሶታ ዱሉት ከተማ በሚገኝ የጦር ሠፈር አንድ ዘበኛ አጥር ላይ የሚወጣ ጥላ አይቶ ተኮሰ፤ የአደጋ ደወልም ደወለ። በዊስኮንሲን፣ ቮልክ ፊልድ በተባለው የአየር ኃይል ሠፈር ግን ሽቦው ተሳስቶ ስለ ተያያዘ፣ አውሮፕላኖች እንዲነሡ የሚያዝዘው ደወል ጮኸ። አብራሪዎቹ ጦርነት ተጀመረ ብለው የኑክሌር ሮኬት ወደ ታጠቁት አውሮፕላኖቻቸው ሮጡ። አንድ መኪና መብራቱን እያበራና እያጠፋ ወደ መንደርደሪያው ደርሶ አስቆማቸው። አጥሩ ላይ የወጣው ድብ ነበር!

እንግዲህ በመፈራራት የቆመ ሰላም መሪን ያስፈራ ይሆናል፤ ድብን ግን አያስፈራም፤ ሽቦንም አያስፈራም። ቦምቡ ወደ ብዙ አገሮች በተዳረሰ ቁጥር ዘበኛውም፣ ሽቦውም፣ ስሕተቱም ይበዛል።

አገራችን በዚህ ነገር ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር ያቀረበችውን ውሳኔ በ55 ድምፅ ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፅ ተአቅቦ አጸደቀ። ውሳኔው በኑክሌር መሣሪያ መጠቀምን በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ብሎታል። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃወሙ። ሶቪየት ኅብረት ደገፈች፤ ነገር ግን በታሪክ ከሁሉ የሚበልጠውን ቦምብ ካፈነዳች ገና 25 ቀን መሆኑ ነበር! ከሁለቱም ወገን አስተማሪ አላገኘንም።

«ወረቀት ምን ያደርጋል?» ለሚሉን፦ በ1928 የጎደለው ወረቀቱ አልነበረም፤ ሲቀደድ እያዩ ዝም ያሉት መንግሥታት ናቸው የጎደሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 122 አገሮች የኑክሌር መሣሪያን ፈጽሞ የሚከለክል ውል ሲያጸድቁ፣ ዘጠኙ የቦምብ ባለቤቶች አንዳቸውም አልገቡበትም። ይህ ዝም ለማለት ሳይሆን አብዝቶ ለመጮኽ ምክንያት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የአቶም ጅብ ካለፈ በኋላ ግን የሚጮኽ ውሻም አይተርፍም።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ዋልትዝ በሚነበብበት ክፍል ሳጋንም ይነበብ፤ አገራችን ያቀረበችው የ1954ቱ ውሳኔም ከሁለቱ ጋር በጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ማኅበራችንም ግልጽ የክርክር ጉባዔ ይጥራ። ቦምቡን የሰላም ዘበኛ የምትሉ ባልንጀሮቻችን መጥታችሁ ተሟገቱን፤ ነገር ግን ስለ ድቡ መልስ ይዛችሁ ኑ።