ዝናብ፣ ደወልና ጊታር

የሮክ ቡድኑ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም በዝናብ ድምፅ ይከፈታል። ከሩቅ ደወል ይሰማል፤ ወዲያው የቶኒ አዮሚ ጊታር ሦስት ድምፆችን ቀስ እያለ ይጥላል። የመጨረሻው ድምፅ ከመጀመሪያው የሚርቀው በትራይቶን ነው፤ ይህ የስድስት ግማሽ ድምፆች ርቀት ጆሮን ዕረፍት ይነሳል። ሔቪ ሜታል የተወለደው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አራቱ የቡድኑ ወጣቶች የፋብሪካ ከተማ ከሆነችው በርሚንግሃም የወጡ ናቸው። አዮሚ በ17 ዓመቱ በሚሠራበት የብረታ ብረት ፋብሪካ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ በመሆኑ ክር የሚጫንባቸው ጣቶች እነዚያው ነበሩ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ በቀጫጭን ክሮችም መጫወት ጀመረ። ዓለም የተከተለው ያ ከባድ ድምፅ ከጉዳት የተገኘ ብልሃት አለበት።

አልበሙ በአብዛኛው የተቀዳው ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ሲሆን፣ የወጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1970 ነው። ብዙ ሐያሲያን አጣጣሉት፤ አድማጩ ግን በብሪታንያ ሰንጠረዥ 8ኛ ደረጃ ላይ አደረሰው። ዱም ሜታል የተባለው ዘውግ አዝጋሚነቱን ከዚሁ ወረሰ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2025 ቡድኑ በርሚንግሃም ውስጥ ሲሰናበት የሜታል ቡድኑ ሜታሊካም በመድረኩ ላይ ተጫውቷል። ድምፃዊው ኦዚ ኦዝበርን ከ17 ቀናት በኋላ አረፈ።

የዚህ እትም ጽሑፎች የአልበሙን ዱካ ይከተላሉ። አንባቢ ገጹን ከመግለጡ በፊት የመጀመሪያውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ያድምጥ።