ኮዱ ማን ጋ ደረሰ?

ይፋግ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ንግድ ፈቃዱ እንዲያ ይላል እንጂ ቀኔ የሚያልቀው «አልገባ አለኝ» የሚሉ ሰዎችን ስልክ በመነካካት ነው። ከሊቦ ከምከም ገጠር ቀበሌዎች ለገበያ የወጣ ሰው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ዘይቱን ገዝቶ፣ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣል። «እስቲ እዪልኝ ልጄ፣ የከፈልኩበት ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ግን በሩን ዘጋብኝ።»

በኦንላይን መግዛት የአዲስ አበባ ወጣት ነገር ብቻ የሚመስለው ካለ አንድ ቀን እኔ ዘንድ ይቀመጥ። በርብና በጉማራ ወንዝ ዳር ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ ሲቆምበት መለዋወጫውን ወረታ ያጣዋል፣ ባሕር ዳርም ያጣዋል፤ በስልክ ይፈልገዋል። የሩዝ ነጋዴው የሚዛን ባትሪ፣ መምህሩ ላፕቶፕ፣ ሙሽራዋ ጫማ ትፈልጋለች። አንዳንዱ በቴሌግራም ቻናል፣ አንዳንዱ የራሱ መተግበሪያ ባለው የገበያ ድርጅት ያዝዛል፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍላል፤ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ ወረታ ወይም አዲስ ዘመን ይወርዳል። ይሄ ሁሉ ይሠራል። ሲበላሽ የሚበላሸው መግቢያው ላይ ነው።

የእርዳታ ገጾቹን አንብቤያቸዋለሁ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ፓስወርድህን በትክክል ጻፍ፣ ኢንተርኔትህን አረጋግጥ፣ መተግበሪያውን አድስ፣ ካልሆነ «ረሳሁት» የሚለውን ንካ። ምክሩ ስሕተት የለበትም። የታሰበው ግን አንድ ስልክ፣ አንድ ቁጥርና አንድ ኢሜይል ለብቻው ይዞ ለሚኖር፣ በፈረንጅ ቀን ለሚቆጥር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ በእኔ በር ብዙ አይገባም።

ከቀን አቆጣጠሩ ልጀምር። ብዙ ሰው የስልኩን ቀንና ሰዓት የሚሞላው በሀበሻ አቆጣጠር ነው። ስከፍተው ዓመቱን 2018 ይላል፤ ለእኛ ልክ ነው፤ ለድረ ገጹ ግን ዓለም 2026 ላይ ነች። ማንኛውም የገበያ ድረ ገጽ ስልኩ ሲያንኳኳ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት አለው፤ የሚጸናበት መነሻና መድረሻ ቀን ተጽፎበታል፤ ዕድሜውም ከአንድ ዓመት ብዙ አያልፍም። በ2018 ላይ የቆመው ስልክ ይህን ሲያይ ገና ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ሥራ የሚጀምር ወረቀት ሆኖ ያገኘዋል። አይቀበለውም። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ገበሬውም ሌባ ገባብኝ ብሎ ይደነግጣል። መፍትሔው ሩብ ደቂቃ አይፈጅም፦ የስልኩን መቼት ከፍቶ ቀንና ሰዓቱን «በራሱ» የሚለው ላይ መመለስ። የሀበሻውን ቀን ለማየት ሌላ መተግበሪያ ሞልቷል።

ሰዓቱስ? የስድስት ሰዓት ልዩነት ድረ ገጹን አያስደነግጥም። በየሠላሳ ሰከንዱ የሚቀያየር ኮድ የሚያወጣውን መተግበሪያ ግን ያበላሸዋል፤ ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነውና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብሎ 3፡00 የሞላ ሰው የሚያወጣው ኮድ ስድስት ሰዓት የዘገየ ነው። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ፤ ሰው ሲሰማው ይስቃል። ሰዓቱን በእጅ አትንኩት፤ የሰዓት ቀጠናውን ወደ ቦነስ አይረስ ቀይሩት። አርጀንቲና ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ስልካችሁ በሀበሻ ሰዓት ይቆጥራል፤ የውስጡ ሰዓት ግን አይዛነፍም። ለደንበኞቼ ሁሉ ይህን ነግሬያቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ «አርጀንቲናዋ» እያሉ የሚጠሩኝ አሉ።

በጳጉሜን የተወለደስ? ቅጹ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። አካውንቱን የከፈተለት ልጅ የመጣለትን ቀን ሞልቶለታል። ከዓመት በኋላ ፓስወርድ ሲጠፋ ቅጹ «የልደት ቀንህን ንገረኝና ልክፈትልህ» ይለዋል። ሰውየው እናቱ የነገረችውን እውነተኛ ቀን ይናገራል፤ መዝገቡ ደግሞ ልጁ የሞላውን ይዟል። እውነቱን የተናገረ ሰው ውሸታም ሆኖ ይመለሳል።

ስለ ቁጥሩ አጻጻፍ ብዙ አልልም። 251 ተጽፎ ካለቀ በኋላ ዜሮው ይቀራል፤ ቅጹ ግን ይህን አይናገርም፤ «ቁጥሩ ስሕተት ነው» ብሎ ዝም ይላል። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር በየሰው እጅ ገብቷል፤ ዛሬም 09 ብቻ የሚጠብቁ ቅጾች ይገጥሙኛል። የስልኩ ሰሌዳ በአማርኛ ላይ ቀርቶ ፓስወርዱን በፊደል የሚጽፍም አለ፤ በነጥብ ስለሚሸፈን አያየውም። ዓይን ቅርጽ ያለውን ምልክት ነክቶ ማየት ይበቃል።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ዝምታው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይፋግ በቤጌምድር ከታወቁት ገበያዎች አንዱ ነበር፤ አሞሌ ጨው ይመነዘርበታል፣ ማርያ ቴሬዛ ብር ይቆጠርበታል። ያ ብር በየትኛውም ዓመት ቢመታ የተጻፈበት ዓመት 1780 ነው። ነጋዴው ግን የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ዕንቁዎች እያየ የደበዘዘውን አይቀበልም ነበር። ብሩን የተመለሰበት ሰው ለምን እንደተመለሰበት በገዛ ዓይኑ ያያል። የዛሬው መግቢያ ግን «የሆነ ስሕተት ተፈጥሯል» ይላል። የምን ስሕተት? ቀኑ ነው? ዜሮው ነው? የአማርኛ ጽሑፍ መጨመር ለአንድ የሶፍትዌር ባለሙያ የከሰዓት ሥራ ነው፤ «የስልክዎ ዓመት 2018 ነው፤ 2026 ያድርጉት» የሚል አንድ መስመር የእኔን ገበያ ግማሹን ይወስደዋል፤ ይውሰደው።

ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ኮዱ ነው። «ረሳሁት» የሚለውን ስትነካ ቅጹ ስድስት አኃዝ ይልካል፤ የሚልከው ደግሞ አካውንቱ ወደተከፈተበት ስልክ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር የማን ነው? እዚህ አገር አንድ ሲም የሚዞርባቸውን እጆች ያላየ ሰው ነው ይህን ሥርዓት የሠራው። ባል በስሙ አውጥቶ ለሚስቱ ሰጥቷታል። ልጅ የአባቷን አካውንት በራሷ ቁጥር ከፍታ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። አረብ አገር የሄደችው እኅት ሲሙን ለወንድሟ ትታለታለች፣ ወንድሟ ጥሎታል። ሲም ሳይሠራበት ሲቆይ ይዘጋል፤ ከጊዜ በኋላም ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ኮዱ ሰምተነው ለማናውቅ ሰው ይደርሳል።

በክልላችን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በ2015 ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ቴሌግራም በዚያን ጊዜ፣ ባለቤቱ ሌላ ካልመረጠ በቀር፣ ስድስት ወር ያልተገባበትን አካውንት እንዲሰርዝ ነበር የተሠራው፤ ኋላ ነው ጊዜውን ያራዘመው። ሰው ቸል ብሎ አይደለም የቀረው፤ መስመር አልነበረም። ኔትወርኩ ሲመለስ ከሻጩ ጋር የተጻጻፈው፣ የከፈለበት ደረሰኝ፣ ያዘዘው ዕቃ ሁሉ የለም። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው «ስድስት ወር ያልገባ ሰው ረስቶታል» ብሎ ሲያስብ የእኛን ዓይነት ዓመት አላሰበም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እኔ ዘንድ የተቀመጠው ሰው ኮዱን ለማግኘት ባሕር ዳር ላለችው ልጁ ይደውላል። «አንቺ፣ ቁጥር መጥቶልሽ ይሆናል፣ አንብቢልኝ።» ልጅቱ ታነባለች። መልእክቱ ራሱ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» ይላል። ሰውየው ግን ወደ ገዛ አካውንቱ የሚገባበት መንገድ ኮዱን በስልክ ማስነበብ ብቻ ሆነ። እንዲህ እየተባለ ሁለት ሦስት ዓመት የለመደ ቤተሰብ፣ አንድ ቀን «ከድርጅቱ ነው የምደውለው፣ ኮድ መጥቶልዎታል፣ ያንብቡልኝ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ለምን ይጠራጠራል? ሌባው አዲስ ነገር አላስተማረም፤ ሥርዓቱ ያስተማረውን ነው የተጠቀመው። በየሬዲዮው «ሕዝቡ ንቃተ ሕሊናው ዝቅተኛ ስለሆነ ይታለላል» ሲባል ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው።

በአጭር መልእክት የሚላክ ኮድ ደካማ መሆኑን የውጭ አገር ባለሙያዎችም ያውቁታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ባወጣው መመሪያ በስልክ መስመር የሚላክ ኮድን በገደብ ከሚፈቀዱት ተርታ አስገብቶታል፤ የሚጠቀም ድርጅት አማራጭ ማቅረብ አለበት ይላል። እኛ ጋ ግን ብዙውን ጊዜ አማራጭ የለም፣ ያለው ኮዱ ብቻ ነው።

የምለው አማራጭ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀምሯል፣ በየከተማውም ወኪል አለው፤ ባንኮቹም ቅርንጫፍ አላቸው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸደቀው ፋይዳ መታወቂያ የአሥሩ ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል በመዝገብ ይዟል። አካውንቱ የተዘጋበት ሰው ወኪሉ ዘንድ ቀርቦ ጣቱን አሳርፎ «እኔ ነኝ» ቢል፣ ቁጥሩን አስቀይሮ ቢወጣ ምን ይከለክላል? ፋይዳ ያላወጣ ደግሞ ከቀበሌው ሁለት ዋስ ይዞ ይምጣ፤ በሬ ሲሸጥ የምንጠይቀው ዋስ ለሽንኩርት ሞተር መለዋወጫ አያንስም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃ እንዲያይና እንዲያስተካክል መብት ሰጥቶታል። በጳጉሜን የተወለደው ሰው ልደቱን ለማስተካከል የትኛው መስኮት ላይ ይቁም?

ወኪሉ ራሱ ቢሰርቅስ የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ሲም በሌላ ሰው እጅ እንዲገባ ያደረጉ ወኪሎች በብዙ አገር ተይዘዋል። ስለዚህ ለውጡ በዚያው ቅጽበት አይጽና፤ ሦስት ቀን ይቆይ፣ ለአሮጌው ቁጥርም «ሊቀየር ነው፣ የጠየቅኸው አንተ ካልሆንክ ተናገር» የሚል መልእክት ይድረስ፣ እስከዚያ ገንዘብ አይውጣ። ሦስት ቀን መጠበቅ ለገበሬ ምንም አይደለም፤ የሰኔን ዝናብ የጠበቀ ሰው ነው። ለዘለዓለም መዘጋት ግን ሌላ ነው።

የራሴን ሙያም ልወቅስ። በየከተማው ካለነው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች መካከል ለደንበኛ አካውንት ሲከፍቱ ቶሎ እንዲያልቅ የራሳቸውን ስልክና ኢሜይል የሚሞሉ ብዙዎች ናቸው። ፓስወርዶች በደብተር ተመዝግበው ጠረጴዛ ላይ የሚያድሩባቸው ቤቶች አሉ፤ ደንበኛውም ደብተሩ መኖሩን እንደ አገልግሎት ይቆጥረዋል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ባለቤቱ ሱቁን የዘጋ ቀን የሰፈሩ ሁሉ አካውንት አብሮ ይዘጋል። ደብተሩ ከተሸጠ ደግሞ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

እኔ ቁጥሩ በእጁ የሌለውን ሰው አካውንት አልከፍትም። መጀመሪያ አዲስ ዘመን ወይም ወረታ ሄዶ በስሙ ሲም እንዲያወጣ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንዲያስተካክል፣ ፓስወርዱን ራሱ እንዲጽፍ እነግረዋለሁ። አብዛኞቹ ይቆጣሉ። «ለዚች ነገር ሁለት ቀን መመላለስ አለብኝ?» ብለው ይወጣሉ፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቤት በራሱ ቁጥር በአምስት ደቂቃ ይከፍትላቸዋል።