ሥዕሉን እናውቃለን፤ ሠዓሊውንስ?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ደግ የሠራም ክፉ የሠራም ስሙ ሲነሣ ይኖራል። በአገራችን የሥዕል ሥራ ላይ ግን ነገሩ ተገላብጦ እናገኘዋለን። ሥዕሉ ከመቃብር በላይ ሲውል፥ የሠዓሊው ስም ከሥጋው ጋራ ዐፈር ይለብሳል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር ትንሽ ነው። በባሕር ዳር ከተማ፥ ከጣና ዳር ብዙም ሳልርቅ፥ የእጅ ሥራ ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገባሁ። በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የብራና ሥዕሎች አንዱ ዐይኔን ያዘው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ፥ ሁላችንም የምናውቀው ሥዕል ነበረ። ነገር ግን የፈረሱ ዐይን ከሌሎቹ ይለያል፤ ፈረሱ ራሱ የፈራ ይመስላል። ይህን የሣለ ሰው ፈረስ ሲደነግጥ ቆሞ ያየ መሆን አለበት ብዬ አሰብሁና ባለሱቁን ወጣት ጠየቅሁት።

«ወንድሜ፥ ይህን ማን ሣለው?»

«የሚሥሉልን ልጆች አሉ፥ ጋሼ።»

«የዚህኛውስ ስሙ ማነው?»

ወጣቱ ፈገግ አለና «ጋሼ፥ የሚገዙት ሥዕሉን ነው ወይስ ስሙን?» አለኝ።

ሥዕሉን ገለበጥሁት። በጀርባው ላይ ዋጋው በእርሳስ ተጽፏል፤ ስም ግን የለበትም። ወጣቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ትሑትና ሥራውን የሚወድ ነው። ነገር ግን የተናገረው ቃል የሱ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ስለ ሆነ እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው ከዚያው ሱቅ በሞተር ጀልባ ጥቂት ሰዓት ተጉዞ ይገኛል። ሰውየው ከሞተ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስሙም ፍሬ ጽዮን ይባላል።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የዘጌን ደን በግራው እያየ ወደ ሐይቁ መካከል የሚገሠግስ መንገደኛ፥ ሰፊዋን የደቅን ደሴት፥ ከአጠገቧም ቀጥ ብላ የቆመችውን ዳጋን ያገኛል። በዳጋ ራስ ላይ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት በመሆኑ የታወቀ ነው። ዐፄ ይኵኖ አምላክ፥ ዐፄ ዳዊት፥ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ፥ ዐፄ ዘድንግልና ዐፄ ፋሲል በዚያ እንዳረፉ በገዳሙ ይነገራል። ጎብኚው አቀበቱን የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የነዚህን ነገሥታት ሣጥን ለማየት ነው። በዚሁ ገዳም ግን ከነገሥታቱ ያላነሰ ሊታይ የሚገባው አንድ ትልቅ የእንጨት ሠሌዳ አለ። በላዩም እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ፥ ሁለቱ ሊቃነ መላእክት ሚካኤልና ገብርኤል ግራና ቀኝ ቆመው ተሥለዋል። ከሥዕሉ ጋራ ያለው ጽሑፍም ሥዕሉ በንጉሡ በዘርአ ያዕቆብና በገዳሙ መምህር በይስሐቅ ዘመን መሠራቱን፥ የሣለውም ኃጢአተኛው ፍሬ ጽዮን መሆኑን ይመሰክራል።

ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነው። የእመቤታችን በዓላት በዓመቱ ውስጥ እንዲከበሩ፥ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፥ ለሥዕሏም ክብር እንዲሰጥ ያዘዙ ንጉሥ ናቸው። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ከወጣ ዘንድ ሥዕል ያስፈልጋል፤ ሥዕል ካስፈለገ ደግሞ ሠዓሊ ያስፈልጋል። ፍሬ ጽዮን በዚህ ዘመን የተነሣ ሰው ነው። እንጨቱን ጠርቦና አለስልሶ፥ በነጭ ልስን ሸፍኖ፥ በቀጭን መስመር ነድፎ፥ ቀለም እየደራረበ የሠራ የእጅ ባለሙያ ነበረ። ሥራውን የመረመሩ ሊቃውንት የባይዛንታይንንና የኢጣሊያን ሥዕል መልክ የሚያውቅ፥ ነገር ግን ያወቀውን ወደ አገሩ መንፈስ የመለሰ ሰው እንደ ነበረ ይናገራሉ።

ከዚህ በላይ ስለ ሕይወቱ ምን እናውቃለን? አባቱ ማን ነበሩ? ከማን ተማረ? ማንንስ አስተማረ? የሚነግረን ያችው የሥዕሉ ጽሑፍ ብቻ ናት። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ያች አጭር ጽሑፍ የሠራችውን ሥራ ተመልከት። ስሙ ባለበት በአንዱ ሥዕል መነሻነት፥ ስም የሌለባቸውን ሌሎች ሥዕሎች እያስተያዩ፥ የፊቱን አነዳደፍ፥ የልብሱን እጥፋት፥ የእጁን አያያዝ እየመረመሩ፥ «ይህም የሱ ነው፤ ያም የደቀ መዛሙርቱ ነው» ለማለት ተቻለ። ማሪሊን ሄልድማን የተባሉ ተመራማሪ በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ ፍሬ ጽዮን የእመቤታችን ሥዕሎች አንድ መጽሐፍ ለማሳተም በቅተዋል። በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከሚገኙት የቆዩ ሥዕሎች መካከልም የሱ ወይም የወገኖቹ ሥራ ናቸው የተባሉ አሉ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ስሙን ቢጽፍ፥ ለራሱ ብቻ ሳይሆን አብረውት ለሠሩትና ከሱ ለተማሩት ሁሉ መታወቂያ ሆነ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ አገር እንሻገር። ፍሬ ጽዮን በኖረበት በዚያው ክፍለ ዘመን በፍሎሬንስ ከተማ ፍራ አንጄሊኮ የተባለ መነኵሴ ሠዓሊ ነበረ፤ በ1455 እ.ኤ.አ. ሞተ። እሱም እንደ ፍሬ ጽዮን እመቤታችንንና መላእክትን ይሥል ነበር። የሱን ታሪክ ዛሬ የአውሮፓ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ለምን ቢባል፥ ጆርጆ ቫዛሪ የተባለ የሥዕል ሰው በ1550 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያን ሠዓሊዎችና ቅርጽ አውጪዎች የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ ጽፎ ስላሳተመ ነው። ቫዛሪ የተሳሳተውም የጨመረውም ነገር አለ፤ ቢሆንም ማን ከማን እንደ ተማረ፥ ማን የቱን ሥራ እንደ ሠራ መዝግቦ አስቀረ። እኛ ሠዓሊ አጥተን አናውቅም፤ ያጣነው መዝጋቢ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚቃወም እንደሚኖር ዐውቃለሁ። አንድ ሽማግሌ ይህን ሳጫውታቸው «ልጄ፥ ቅዱስ ሥዕል የሚሣለው ለእግዚአብሔር ክብር ነው፤ ሠዓሊው ስሙን ከጻፈበት ውዳሴ ከንቱ ይሆንበታል» አሉኝ። አባባላቸው የሚናቅ አይደለም። ብዙ ደጋግ ሠዓሊዎች ስማቸውን ያልጻፉት በትሕትና መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈው እንዴት እንደ ሆነ እናስተውል። «ኃጢአተኛው» ብሎ ነው የጻፈው። ስሙን ያኖረው ሊመካበት ሳይሆን፥ ሥዕሉን ያየ ሁሉ በጸሎቱ እንዲያስበው ይመስለኛል። የብራና ጸሓፊዎቻችንም በመጽሐፋቸው መጨረሻ ላይ ያጻፈውንና የጻፈውን ስም አኑረው «አስቡን» ማለት ልማዳቸው ነው። እንግዲህ ስምን መጻፍ ትዕቢት ነው ካልን እነዚህን ሁሉ ትዕቢተኞች ማለታችን ነው። ስምን መጻፍ ሌላም ትርጕም አለው፤ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋትም ካለበት ተጠያቂው እኔ ነኝ» ማለት ነው። ስሙን የሚጽፍ ሰው ሥራውን አያበላሽም።

ይህም ባይሆን እንኳ፥ ትሕትና የሠዓሊው ነው እንጂ የእኛ አይደለም። እሱ ስሙን ቢደብቅ ትሑት ይባላል፤ እኛ ስሙን ሳንጠይቅ ብንቀር ግን ቸልተኞች ነን። በደቅ ደሴት ንግሥት ምንትዋብ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ንግሥቲቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ጎብኚው ሁሉ በጣቱ እያሳየ «ምንትዋብ ይህችውና!» ይላል። የንግሥቲቱን መልክ ለእኛ ያደረሰው እጅ የማን እንደ ነበረ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው ግን የለም። በዚህ ውስጥ ሌላም የቆየ በሽታ ተደብቋል። አንጥረኛውን «ቀጥቃጭ»፥ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ሠዓሊው የቤተ ክርስቲያን ሰው በመሆኑ ከስድቡ ቢተርፍም፥ ከመረሳቱ ግን አልተረፈም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ነጋዴው ነው። «በወር ብዙ ሥዕል የሚሠራ ልጅ በሁሉ ላይ ስም ቢጽፍ ምን ይጠቅመዋል? አንዱ ከአንዱ የተገለበጠ አይደለም ወይ?» ይላል። ለዚህ መልሱን ከኅትመት ሠዓሊዎች እናገኛለን። በእንጨት ላይ ቀርጸው፥ ቀለም ቀብተው፥ በወረቀት ላይ የሚያትሙ ሠዓሊዎች ከአንድ እንጨት ብዙ ቅጅ ያወጣሉ። ቢሆንም በያንዳንዱ ቅጅ ግርጌ በእርሳስ ስማቸውንና ቍጥሩን ይጽፋሉ፤ ከ20 ቅጅ ሦስተኛው ከሆነ 3/20 ይሉታል። ይህ ሙያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሐንሰን ባሕያ የተባለው ጀርመናዊ የእንጨት ኅትመት ሠዓሊ ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ይህን ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት አቶ አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተ ሰብ የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ ከአንድ እንጨት የታተመ ወረቀት ስም ከተገባው፥ እያንዳንዱ በእጅ የተሣለ ብራና እንዴት አይገባውም?

ሌላም አንድ ነገር አለ። ወደ ዳጋ ሴቶች አይወጡም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነውና ይከበራል። ስለዚህ የባሕር ዳር እናቶችና እኅቶች ከከተማቸው ሐይቅ መካከል ያለውን ይህን ሥዕል በቦታው ሊያዩት አይችሉም። ከወንዶቹም ቢሆን ለጀልባ የሚከፍል ገንዘብ ያለው ጥቂት ነው። በገዳሙ ፈቃድ ጥሩ ሆኖ የታተመ ቅጅ፥ ከሥሩም የፍሬ ጽዮን ስም ተጽፎበት፥ በየትምህርት ቤቱ ቢሰቀል ምን ይጎዳል? ብርና ወርቅ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

የኔ አሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ሠዓሊው በሥዕሉ ጀርባ ስሙን፥ የሠራበትን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፍ። ነጋዴውም ስሙን አይፋቅ፤ ገዢ ሲጠይቀው ይንገር። ቤተ ክርስቲያን የሚያሥል ደብር ለሠዓሊው የከፈለውን ገንዘብ በመዝገብ እንደሚያሰፍር ሁሉ፥ ስሙንና የተማረበትን ቦታ ያስፍር። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በሐይቁ ዙሪያ ያሉትን አረጋውያን ሠዓሊዎች፥ እንጨት ጠራቢዎችና መስቀል ሠሪዎች ሳይሞቱ ደርሰው ታሪካቸውን ከአንደበታቸው ይጻፉ። ሙሾ ከማውረድ መዝገብ መያዝ ይቀላል።

ያን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በመጨረሻ ገዛሁት። ወጣቱንም «ልጁ ሲመጣ ስሙን ጠይቀህ አቆይልኝ፤ ተመልሼ እመጣለሁ» አልሁት። «እሺ፥ ጋሼ» ካለኝ በኋላ ጥቂት አሰብ አደረገና «እውነትዎን እኮ ነው፤ የፈረሱ ዐይን የሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እንዲህ አይችሉበትም» አለኝ። ለካ ልዩነቱን እሱም ኖሯል የሚያውቀው። የጠየቀው ሰው ብቻ ነው ያልነበረ።

አንባቢ ሆይ፥ አንተም ወደ እንዲህ ያለ ሱቅ ስትገባ ከዋጋው በፊት ስሙን ጠይቅ።